ከብየዳ ቤት የሚወጣው የጂም ዕቃ፤ ማን ይለካዋል? ማንስ ይመዘግበዋል?

ሰሞኑን በሰፈሬ በሚገኝ አንድ ጂም ውስጥ፣ ከራስ በላይ የተንጠለጠለውን ዘንግ ወደ ደረት በሚስቡበት ማሽን ላይ ተቀምጬ ሳለ ገመዱ ተበጠሰ። ዘንጉ ጭኔ ላይ አረፈ፤ በሌላኛው ጫፍ የተሰቀለው ክብደትም ወለሉን መታው። ከሰንበር ያለፈ ጉዳት አልደረሰብኝም። ዘንጉ ጭኔን ትቶ አናቴን ቢያገኝ ኖሮ ግን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ መብቃቴ ያጠራጥራል። የጂሙ ባለቤት ወጣት ነው። እየሮጠ መጣና «አይዞዎት ጋሼ፣ ነገ በያጁ መጥቶ ይሠራዋል» አለኝ።

በማግሥቱ ከበያጁ ጋር ተገናኘን። ጂሙ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ የእጁ ሥራ መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ገመዱን እየፈታ ስንጨዋወት ወደ አንዲት አግዳሚ ወንበር ወሰደኝ። አንድ ፒን ነቅለው ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ሲሰኩት ጀርባዋ ይቀናል፣ ይጋደማል፣ ቁልቁል ይዘቀዝቃል፤ ሥራ ሲያበቃ ደግሞ እግሯ ታጥፎ ግድግዳ ላይ ትቆማለች። «ቤታችን ጠባብ ነው ሲሉኝ አስቤ ያወጣኋት ናት» አለኝ። «አሁን ግን ሌላ አራት ቦታ ተሠርታ አይቻታለሁ። አንዱማ ፒኑን አቅጥኖ ነው የሠራት። አንድ ቀን ሰው ትጥላለች።»

ይህችን አነጋገር ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰውዬው በአንድ ትንፋሽ ሁለት አቤቱታ ነው ያሰማው። አንደኛው «ፈጠራዬን ወሰዱብኝ» የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ «ሲወስዱት ልኩን አልወሰዱትም» የሚል ነው። እኛ የመጀመሪያውን የንብረት፣ ሁለተኛውን የደኅንነት ጉዳይ ብለን ለሁለት መሥሪያ ቤት ማከፋፈል ለምደናል። በእኔ እምነት ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የፒኑ ውፍረት ወረቀት ላይ ቢሠፍር ኖሮ ባለቤቱም ይታወቅ፣ ተጠቃሚውም ይድን ነበር።

ጉዳዩ ለምን አሁን?

የጂም ዕቃ ጉዳይ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚያም በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል የከተማ ሰው ይህ ምክር በደም ግፊትና በስኳር በሽታ በኩል የሚመጣበትን ዕዳ የሚመለከት ነው። መሮጡ መንገድና ጫማ ይበቃዋል። ጡንቻ ማጠንከሩ ግን ብረት ይፈልጋል።

ብረቱ ከየት ይምጣ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ2017 ዓ.ም.ም ብር መዳከሙን ቀጠለ። ቀድሞውንም ከውጭ የሚመጣ ማሽን ትልልቅ ሆቴሎች ካልሆኑ በስተቀር ለሰፈር ጂም የሚቀመስ አልነበረም፤ አሁን ጭራሽ ራቀ። በመሆኑም የሰፈሩ ጂም ባለቤት የሚያማትረው ወደ ብየዳ ቤት ነው። ቱቦላሬው ከመርካቶ፣ ማርሹና ኩሽኔታው ከሶማሌ ተራ፣ ቁርጥራጭ ብረቱ ከምናለሽ ተራ ይመጣል። ድሮ በየግቢያችን የወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን፣ በውኃ ቧንቧ አጋጥመን ስናነሳ ያደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ልዩነቱ ያን ጊዜ ዕቃው ቢሰበር ተጎጂው ሠሪው ራሱ መሆኑ ነው። ዛሬ ግን ከፍሎ የሚገባ ሰው ነው ሥሩ የሚተኛው።

ፈረንጁም ከጓሮ ነው የጀመረው

ስለ ፈጠራ ስናወራ ነጭ ካፖርት የለበሰ መሐንዲስና የሚያብረቀርቅ ቤተ ሙከራ ነው የሚታየን። የጂም ዕቃ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

አላን ካልቨርት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ፊላዴልፊያ ውስጥ ማይሎ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም ይዞት የተነሳው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ክብደቱ የሚጨመርና የሚቀነስ ባርቤል። አርተር ጆንስ የተባለው ግትር ሰው ደግሞ ናውቲለስ ብሎ የሰየመውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ አቀረበ። የጆንስ ነጥብ የሚከተለው ነበር። ክንዳችን ሲታጠፍ በየደረጃው ያለን ጉልበት እኩል አይደለም፤ የሰቀልነው ብረት ግን አንድ ነው። ስለዚህ ገመዱ በክብ ፑሌጃ ፈንታ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠማዘዘ ጎማ ላይ ቢዞር፣ ጡንቻው በሚበረታበት ቦታ ጭነቱ ይበረታል፣ በሚደክምበት ይቀላል።

የድራይሲጋከር ወንድማማቾችን ታሪክ እዩ። መቅዘፊያ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካዋ ቬርሞንት ክረምቱ ሲበርድና ውኃው ሲጋገር የሚለማመዱበትን መላ ፈልገው እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያወጡት የመጀመሪያው ኮንሴፕት ቱ የቀዘፋ ማሽን፣ ተቃውሞ የሚፈጥርለት አካል የብስክሌት ጎማ ነበር። አል ጄራርድ የተባለው ክብደት አንሺም በ1980ዎቹ መሐሉ ክፍት የሆነውን ባር ያወጣው የራሱ ጀርባ ስላስቸገረው ነው። አንሺው መሐል ገብቶ ሲቆም ክብደቱ ከፊቱ መሆኑ ቀርቶ ከጎንና ከጎኑ ይሆናል፤ ወገቡ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ከእኛ በያጅ የራቁ አይደሉም። የጠበበ ቤት፣ የቀዘቀዘ ወንዝ፣ የታመመ ጀርባ ነው ያስፈለሰፋቸው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ከፈጠራው በኋላ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ጄራርድ ባሩን በንድፍ አስፍሮ ፓተንት አወጣበት። የቀዘፋ ማሽኑ ሠሪዎች ደግሞ ጎማው በእያንዳንዱ ስበት መካከል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ እየለካ ተቃውሞውን የሚያሰላ መቆጣጠሪያ ጨመሩበት። በዚህም ምክንያት በአንድ ከተማ የተቀዘፈ 2,000 ሜትር በሌላ ከተማ ከተቀዘፈው ጋር የሚወዳደር ሆነ። ውድድር የሚካሄድበት ስፖርት የተወለደው ከብስክሌት ጎማውና ከልኩ ጋብቻ ነው።

«20 ኪሎ» ሲባል ስንት ኪሎ ነው?

እስቲ ወደ ሰፈሬ ጂም ልመልሳችሁ። ከዚያ ገጠመኝ በኋላ የጂሙን ባለቤት አስፈቅጄ «20» ተብሎ የተጻፈባቸውን አራት ዲስኮችና ባሩን በሚዛን አወጣናቸው። ዲስኮቹ 17 ተኩል፣ 21፣ 19 እና 18 ተኩል ሆኑ። «20 ኪሎ» ነው የሚባለው ባር ደግሞ 14 ነበር። ይህ ማለት «መቶ ኪሎ ገፋሁ» እያለ ሲኩራራ የከረመው ጎረምሳ የገፋው 90 ኪሎ ነው።

የጎረምሳው ኩራት መጉደሉ አያሳስብም። የሚያሳስበው 21ዱ በቀኝ፣ 17 ተኩሉ በግራ ሲገቡ ነው። በአንድ ወገን የሦስት ኪሎ ተኩል ብልጫ ይፈጠራል፤ ይህም በየሳምንቱ፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ አንዱ ትከሻ ላይ ይደጋገማል። ለንጽጽር ያህል፣ የዓለም አቀፉ ክብደት ማንሳት ፌዴሬሽን ደንብ ከአምስት ኪሎ በላይ የሆነ የውድድር ዲስክ ከተጻፈበት ክብደት ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይበልጥ፣ ከ0.05 በመቶ በላይ ደግሞ እንዳያንስ ያዛል። በ20 ኪሎ ዲስክ ላይ ሲሰላ 20 ግራም መብለጥ፣ 10 ግራም ማነስ ማለት ነው። የሰፈር ጂም የኦሊምፒክ መድረክ አይደለምና ይህን ያህል ጥብቅነት አንጠይቅም። ግማሽ ኪሎ እንኳ ቢፈቀድ ግን ከአራቱ ዲስኮች አንዳቸውም አያልፉም።

ገመድና ፑሌጃ ባላቸው ማሽኖች ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ፑሌጃው ከጭነቱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሳቢው የሚሰማው ክብደት በግማሽ ይቀንሳል፤ 40 ኪሎ ሰቅሎ የሚስበው 20 ኪሎ ነው። ባለማሽኑ ይህን ካላወቀ ተጠቃሚው ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር ያንኑ 40 አስቦ ይጭናል፤ እጁ ላይ ግን እጥፉ ይመጣበታል። ኩሽኔታ በሌለው ፑሌጃ ላይ ደግሞ ሰበቃው ሲስቡ ይጨምራል፣ ሲመልሱ ይቀንሳል። የናውቲለስን ፎቶግራፍ አይቶ ቅርጹን የኮረጀ፣ ነገር ግን የተጠማዘዘውን ጎማ በክብ ፑሌጃ የተካ ማሽንም አይቻለሁ። መልኩ እንጂ ሐሳቡ አልመጣም።

የተበጠሰው ገመድ ታሪክም ይኸው ነው። በያጁ የተጠቀመው የመኪና የፍሪሲዮን ገመድ ነበር። ጥሩ ብረት ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ወዲያና ወዲህ እንዲሳብ እንጂ በትንሽ ፑሌጃ ላይ በቀን ሺህ ጊዜ እንዲታጠፍ አይደለም። ገመድ በጠባብ ክብ ላይ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ላስቲክ ከለበሰ ደግሞ ከውስጥ ሲበጣጠስ ከውጭ አይታይም። መፍትሔው የፑሌጃውን ስፋት ከገመዱ ውፍረት ጋር ማመጣጠንና ገመዱን ሳይበጠስ በቀን ቆጥሮ መቀየር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ የለ አባቶቻችን? ለዛሬ ብቻ ተብሎ የታሰረ ገመድ የነገው ሰው ላይ ይፈታል።

ሀብታሙም ይሳሳታል፤ ግን ይጠየቃል

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ የውጭውን መግዛት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የውጭው መሆኑ በራሱ ዋስትና አይሆንም። ፔሎቶን የተባለው ኩባንያ ትሬድ ፕላስ የሚል ስም የሰጠውን ውድ የመሮጫ ማሽን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ከገበያ ለመሰብሰብ ተገድዷል። የተሰበሰቡት ማሽኖች 125,000 ያህል ሲሆኑ፣ ሰውና ዕቃ በማሽኑ ሥር ስለመጎተቱ 72 ሪፖርቶች ቀርበው ነበር፤ አንድ ሕፃንም ሞቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ ክብደታቸው በመዘውር የሚቀያየር 3.8 ሚሊዮን ያህል የቦውፍሌክስ ዳምቤሎች በማንሳት ላይ እያሉ ዲስካቸው እየወለቀ ሰው በመጉዳቱ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ብልኀተኛ ፈጠራ ናቸው፤ ብልኀታቸው ግን ከመውደቅ አላዳናቸውም።

ታዲያ በእነሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እዚያ ጉዳቱን የሚቆጥር አካል አለ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በፔሎቶን ላይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ኩባንያው መጀመሪያ ተከራክሮ ነበር፤ በኋላ ግን ይቅርታ ጠይቆ ማሽኑን ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደግሞ ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። በእኛ ሰፈር ዲስክ ወልቆ እግር ቢሰብር «ዕድሉ ነው» ተብሎ፣ የሕክምናው ወጪ በሽምግልና ተከፍሎ ያልፋል። ሁለተኛው ሰው በዚያው ዕቃ እንዳይጎዳ የሚያደርግ አንዳችም መዝገብ አይቀርም።

ሕጉ የበያጁን ስም ያውቃል

የሚገርመው ነገር የአገራችን ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት አስቦበት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ስሙ ራሱ «የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ» ነው። «አነስተኛ ፈጠራ» የምትለዋን ልብ በሉ። ዓለምን የሚያናውጥ ግኝት ባይሆንም አዲስ ለሆነና በኢንዱስትሪ ተግባር ላይ ሊውል ለሚችል ማሻሻያ አዋጁ የግልጋሎት ሞዴል የምስክር ወረቀት አዘጋጅቷል። ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሲሆን ለተጨማሪ አምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። የበያጁ ታጣፊ አግዳሚ ለዚህ ምሳሌ ሆና ልትጻፍ የምትችል ናት።

ይህን ስነግረው ግን ሳቀብኝ። «ወረቀት ለፋብሪካ ነው፤ እኔ ምን ይዤ ልሂድ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ይዞት የሚሄደው ነገር የለውም። አግዳሚዋ የተሠራችው በኖራ ወለል ላይ ተሥላ፣ በክንድና በጣት ተለክታ ነው። ማመልከቻ የሚፈልገው ንድፍና መግለጫ እጁ ላይ እንጂ ወረቀት ላይ የለም። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በሩን ቢከፍትም በሩ ላይ የሚደርስበት መንገድ አልተሠራም።

ተቃራኒውን ሐሳብም በቅንነት ማየት ያስፈልጋል። «ኩረጃ ባይኖር የሰፈር ጂም አይኖርም ነበር፤ ሁሉም ፈጠራውን ከቆለፈ ድሃው ምን ይሁን?» የሚሉ አሉ። እውነት አለው። እኔም ቁልፍ አልፈልግም። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ ለተወሰነ ዓመት የሚጸና ነው፤ ከዚያ በኋላ ንድፉ የሁሉም ይሆናል። አሁን ያለው ኩረጃ የሚያስተላልፈው ቅርጹን ብቻ ነው። የተመዘገበ ንድፍ ግን የፒኑን ውፍረትም ያስተላልፋል። ሌላው ስጋት ተቆጣጣሪ መጥቶ ብየዳ ቤቱን ያሽገዋል የሚለው ነው። ይህም መሠረት አለው፤ ቁጥጥር በማሸግ ከጀመረ ሥራው ወደ ጓሮ ይገባል፣ ልኩም ከእሱ ጋር ይሰወራል። ስለዚህ መነሻው ቅጣት መሆን የለበትም።

ምን ይደረግ?

የሚከተሉት አራት ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ማንኛውም የጂም ባለቤት ዲስኮቹን አስመዝኖ ትክክለኛውን ቁጥር ይጻፍባቸው። ሚዛን በየሰፈሩ አለ፤ የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓትና የቀለም ቆርቆሮ ነው።

ሁለተኛ፣ በያጁ በሚሠራው ማሽን ላይ የራሱን ምልክት፣ ማሽኑ የሚችለውን ከፍተኛ ጭነትና ገመዱ የታሰረበትን ቀን በብረት ማኅተም ይምታበት። ከማስረከቡ በፊትም የሚችለውን እጥፍ ጭኖ ያሳድርበት። ይህ የፋብሪካ ፍተሻን አይተካም፤ ነገር ግን ደካማውን ብየዳ ሰው ሥሩ ከመተኛቱ በፊት ያጋልጠዋል።

ሦስተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብረት ሥራ ክፍል አላቸው፤ ንድፍ የሚያስተምሩ መምህራንም አሏቸው። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው የአንድን በያጅ ፈጠራ በንድፍ ቢያሰፍርና ጭነቱን ቢፈትሽ፣ ለተማሪው ውጤት፣ ለበያጁ ማመልከቻ ይሆናል። ለቋሚ የስፖርት መሥሪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ማለትም አይኤስኦ 20957፣ ምን መፈተሽ እንዳለበት ዘርዝሮ አስቀምጧል። የደረጃዎች ኢንስቲትዩት ከዚያ ውስጥ ለብየዳ ቤት የሚሆነውን ጨምቆ በአንድ ገጽ በቀላል አማርኛ ቢያወጣው ትልቅ ውለታ ነው።

አራተኛ፣ የከተማ አስተዳደሮች በኮሪደር ልማቱ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የስፖርት ቦታዎችን እየሠሩ ነው። በአደባባይ የሚተከሉ የስፖርት ዕቃዎችን ከአገር ውስጥ ሠሪ ሊገዙ ይችላሉ፤ ነገር ግን «ተፈትሾ የተመሰከረለት» የሚል መስፈርት በጨረታው ውስጥ ያስገቡ። ገዢ ልክ ሲጠይቅ ሠሪ ልክ ያበጃል።

እኛ ከፋዮቹስ? ለወር ክፍያ የምናወጣውን ብር ስንቆጥር ገመዱ መቼ እንደተቀየረ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? እኔ ለዓመታት አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ጭኔ ከተሰነበረ በኋላ ነው።

በያጁ ገመዱን በወፍራም ቀየረው፣ ፑሌጃውንም ቶርኖ ቤት ወስዶ በሰፊ አስተካው። ቀኑን በመዶሻና በማኅተም ምሰሶው ላይ መታ። የጂሙ ባለቤት ደግሞ ዲስኮቹ ላይ የነበረውን «20» አጥፍቶ እውነተኛውን ክብደት በነጭ ቀለም ጻፈባቸው። መቶ ኪሎ ገፊው ጎረምሳ «17 ተኩል» የሚለውን ሲያይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በየወገኑ አምስት አምስት ኪሎ ጨመረና ተኛ። አልቻለም። እኔና ባለቤቱ ከግራና ከቀኝ ይዘን መለስንለት። ከዚያን ቀን ወዲህ በየሳምንቱ እየጨመረ ነው፤ አሁን ምን ያህል እንደሚገፋ እሱም እኛም እናውቃለን። የአግዳሚዋ ንድፍ ግን እስከዛሬ ወረቀት ላይ አልሠፈረም።